አጋዘን የሚያስገባ፣ ፍየል የሚመልስ አጥር

ከናዝሬት ወደ ቡልቡላ አካባቢ የተላክሁት ድርቁ በጠናበት ዓመት ነው። ከእርሻ ማሠልጠኛ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ ከተማ ነው ያደግሁት፤ ከብት የማውቀው በገበያ ቀን አስፋልት ሲያቋርጥ ነበር። የተመደብኩበት በሐይቅ ዳር ያለ የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ ሲሆን፣ ሥራዬ በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ነበር፦ ቁጥቋጦው ሳይቀር ስለ ደረቀ፣ የተረፉት አጋዘኖች እንዳያልቁ መኖ ማቅረብ።

ድርቆሹን ከመንግሥት እርሻ፣ ፉርሽካውን ደግሞ ከናዝሬት ኤንትሬ የጭነት መኪና ያመጣልን ነበር። በርሜል ለሁለት ሰንጥቀን የመጀመሪያውን ገንዳ ሠራን፤ ፉርሽካውን ሞልተን ጨው ነሰነስንበት። በማግስቱ ጠዋት ስንሄድ ገንዳው ተልሶ ጸድቷል። ዙሪያው ያለው ዱካ ግን የላምና የፍየል ብቻ ነበር።

ማንን እቆጣለሁ? የሰዉ ከብት አጥንቱ ይቆጠር ነበር። ለኃላፊያችን ስነግረው፣ “ለከብት የሚመጣ ነገር ካለ በሌላ በኩል ነው የሚመጣው። ይኼ የአውሬው ነው። እጠሩት” አለኝ።

ከሁለት የጥበቃ ሠራተኞች ጋር ሆነን አጠርነው። በሰው ቁመት ልክ እሾህ ቆለልን፤ ከላዩ እሾሃማ ሽቦ ወጠርንበት። ኮራሁበት። ላሞቹ መጥተው አሽትተው ተመለሱ። አጋዘኖቹም መጡ፤ ዞሩት፣ ዞሩት፣ እነሱም ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት አጋዘን ልትዘለው ሞክራ ኖሮ፣ ሽቦው ላይ ፀጉርና ደም አገኘን። ዱካዋን ተከትለን ስናይ አንድ እግሯን እየጎተተች ነው የሄደችው። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ላድናት የተላክሁትን እንስሳ ያቆሰልኳት እኔ ነኝ።

ከኋላዬ ድምፅ ሰምቼ ዞር ስል አንዲት እናት በትር ይዘው ቆመዋል። ስልሳ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። ባላቸው የሞተባቸው፣ ከወሰኑ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ጥበቃዎቹ ደኅና አድርገው ያውቋቸዋል፤ ፍየሎቻቸውን ብዙ ጊዜ አባረዋል። ለጠብ የመጡ መሰለኝ።

“አካም ጂርታ፣ ኢንታላ ኮ?” አሉኝ በኦሮምኛ፤ እንዴት ነሽ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔም ደኅንነታቸውን ጠየቅሁ። ከዚያ አጥሩን በበትራቸው ነካ አደረጉት።

“ይኼን የሠራው ማነው?”

“እኛ ነን፣ እማማ።”

“ላም እንዳይገባ ነው?”

“ላምና ፍየል እንዳይገባ፤ አጋዘን እንዲገባ።”

አጥሩን አንድ ጊዜ ዞረውት ተመለሱ። “አጋዘን ከፍታ አይፈራም። የሚያርፍበትን መሬት ካላየ ግን አይዘልም። እናንተ ዓይኑን ነው የጋረዳችሁት” አሉ።

“እርስዎ በምን አወቁ?”

በበትራቸው ወደ ጥብቁ ስፍራ ውስጥ ጠቆሙ። ወሰኑ ሳይከለል በፊት ማሳቸው እዚያ ነበር። “ስምንት ዓመት በቆሎዬን ሲበሉብኝ አጥር ስቀያይር ኖሬያለሁ። ምን እንደሚያስገባቸው የማላውቅ መሰለሽ?”

ወደ ኃላፊያችን ወስጄ አገናኘኋቸው። “ፍየሎቻቸውን የሚከለክል አጥር ራሳቸው ሊሠሩልን?” አለኝ ለብቻዬ፣ ነገሩ አልዋጥልህ ብሎት። ይኼን አንዱን አጥር ብቻ እንሞክር ብዬ ለመንኩት። እሺ አለ።

በማግስቱ እማማ ጥበቃዎቹን እንደ ጎረምሳ ልጆቻቸው ያዟቸው ጀመር። ሽቦውን አስወልቀው አስጠቀለሉት። እሾሁን አስወርደው፣ ጫፉ ወደ ውጭ እንዲዞር አድርገው እስከ ወገብ ብቻ አስደፈኑት፤ ፍየል የሚሾልከው በታች ነው። ከዚያ በላይ በአጣና ቋሚ ላይ ሁለት ማገር ብቻ አስመቱ፤ በመካከላቸው ውስጡ ወለል ብሎ ይታያል። ከፍታውን የለኩት በራሳቸው ደረት ነው። ግቢውን አስሰፉት፤ ገንዳውን ከመሃል አስነስተው ጥግ አስያዙት። በመጨረሻ ጎንበስ ብለው ከውስጥ ድንጋይ መልቀም ያዙ። እኔም አብሬያቸው ለቀምኩ።

“ሲወርድ እግሩ እንዳይሰበር ነው” አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው።

በሁለተኛው ቀን ማለዳ ከግራር ሥር ተቀምጠን ጠበቅን። ሦስት ሴት አጋዘኖች መጡ። የፊተኛዋ ማገሩ አጠገብ ቆመች፤ ጆሮዋ ወዲያ ወዲህ ይላል። ወደ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ሳትሮጥ፣ ከቆመችበት ዘላ አለፈች። ያን የሚያህል ሰውነት ሲያርፍ ድምፁ የሰው እርምጃ አያህልም ነበር። ሁለቱም ተከተሏት።

ወደ እማማ ዞርኩ። እሳቸው አጋዘኖቹን አያዩም ነበር። ፍየሎቻቸው ተከትለዋቸው መጥተው ኖሮ፣ በአጥሩ ውጭ አፍንጫቸውን ወደ ፉርሽካው ሽታ ቀስረው ይጮኹ ነበር። ተነሡና በበትራቸው መለሷቸው።

“ለምን ረዱን፣ እማማ?” አልኳቸው ተከትያቸው። “የእርስዎም ፍየሎች ተርበዋል።”

“ለፍየሎቼ እኔ አለሁላቸው። ከሩቅም ቢሆን ቅጠል ቆርጬ አመጣለሁ። ለእነዚያ ማን አለላቸው?” ካሉ በኋላ ፈገግ አሉ። “ደግሞ ስምንት ዓመት ከአንድ ማሳ አብረን በልተናል።”

ኃላፊያችን በሌሎቹም የመኖ ቦታዎች በእሳቸው ዓይነት አጥር እንዲሠራ አዘዘ፤ እሳቸውንም በቀን ሠራተኛነት ቀጠራቸው። በየማለዳው ከእኛ ቀድመው ይደርሳሉ። አንድ ቀን ብቻ አረፈዱ። መጥተው ማገር ማቀበል ጀመሩ። ቀትር ላይ ለምን እንዳረፈዱ ስጠይቃቸው፣ “ሦስቱ ሞቱ” አሉኝ፤ ፍየሎቹን ማለታቸው ነው። ያን ቀን ወደ ቤት እንዲሄዱ ብለምናቸው አልሰሙኝም፤ የጀመሩትን ጎን ጨርሰው ነው የሄዱት።

ከዚያ ወዲህ ኤንትሬው ሲራገፍ ከጭነቱ ላይ የሚረግፈውን ድርቆሽና ፉርሽካ ጥበቃዎቹ ራሳቸው እየጠረጉ በጆንያ ያስቀምጡላቸው ጀመር። ቀድሞ ፍየሎቻቸውን ሲያባርሩ የነበሩት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ጆንያውን ስሰጣቸው በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉት፤ “ገለቶሚ” ብለው በቋንቋቸው አመሰገኑኝ።

ተምሬ የመጣሁት እኔ ነኝ፤ ደብተሬ ውስጥ የመኖ ዓይነት በሰንጠረዥ ተጽፎ ነበር። አንድ እንስሳ ከመዝለሉ በፊት ምን እንደሚያይ ግን ያስተማረኝ አልነበረም። እሳቸው ለማስወጣት ሲታገሉ ያወቁትን ሁሉ፣ ማስገባት ሲያስፈልግ ሳይሰስቱ ሰጡን። ያን የሚያህል ልብ ያለው ሰው ከዚያ በኋላም ብዙ አላጋጠመኝም።

ዝናቡ በሚቀጥለው ክረምት ገባ። ቁጥቋጦው አቆጠቆጠ፤ አጋዘኖቹ ገንዳውን ተዉት። አጥሮቹ እንዲፈርሱ ሲታዘዝ እማማ አጣናውን ጠየቁ፤ ጎጇቸው አዘንብሎ ነበርና። ኃላፊያችን ፈቀደ። ወደ ናዝሬት በምመለስበት ቀን አህያ ይዘው መጡ፤ አንዱን ጎን እሳቸው፣ ሌላውን እኔ ይዘን ጫንን። ገመዱን እኔ ሳጠብቅ እጄን ከላይ ያዙኝና ላልቶ የቀረውን ቋጠሮ ፈትተው ደግመው አሰሩት።

“በይ ሂጂ፤ መኪናው ይጠብቅሻል” አሉኝ።