ጋሽ ዘለቀ የነገሩን የሰው አገር ጦርነት

እኔ ልጅ ሳለሁ አርባ ምንጭ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነበርኩ። የሲቀላ ሰፈራችን ድርግም ሲል እማዬ «ኤዲያ! ደግሞ ጀመራቸው» እያለች ኩራዝ ፍለጋ ስትደናበር፣ እኔ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ አጎቴ ግቢ ደርሻለሁ። ጋሽ ዘለቀ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ለእኔም ለታላቅ እህቴ ለታደለችም አባት የሆኑን እሳቸው ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ታሪክ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ያለ ተማሪ መኖር ግን አልሆነላቸውም። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተማሪያቸው ይሆናል።

የወባ ትንኝ እንዳይበላን ብለው ፍሙ ላይ የኒም ቅጠል ይጨምሩበታል። ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥለናል፣ እናስላለን፣ ግን ንቅንቅ የሚል የለም። ኩራዙን ከበስተኋላቸው ስለሚያስቀምጡት ፊታቸው አይታይም፤ ከጨለማው የሚመጣው ድምፃቸው ብቻ ነው፣ ወፈር ያለ፣ የማይቸኩል። ያኔ ለእኔ እውነት ማለት ያ ድምፅ ነበር።

የሌላው ሰፈር ሽማግሌ ተረት ሲነግር ጅብና ቀበሮ ያመጣል። የእኛው ግን አሜሪካን ነበር የሚያመጡልን፤ ለሁለት የተከፈለችውን፣ ወንድም ከወንድሙ የተራረደባትን አሜሪካ። «ደቡቡ ጥጥ ነው» ይሉና የለበሱትን የዶርዜ ጋቢ ጫፍ ያነሳሉ። «ይሄ ሸማኔው እጅ ከመድረሱ በፊት ለቃሚ አለው አይደል? እዚያ አገር የሚለቅመው እንደ በሬ ተገዝቶ የመጣ ሰው ነበር።» ሰሜኑ ባሪያ አልፈልግም ይላል፤ ጥጡን ግን ይፈልጋል። አዲስ መሬት በተጨመረ ቁጥር ጠብ ነው፤ በባሪያ ይታረስ ወይስ በነፃ ሰው? ትልልቆቹ ሰዎች ይሰበሰቡና ካርታ ላይ መስመር ያሰምራሉ። ከመስመሩ ወዲህ ሰው ሰው ነው፣ ከመስመሩ ወዲያ ሰው ዕቃ ነው።

«ታረቁ ተባለ!» ይሉ ነበር ጋሽ ዘለቀ እየሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ንዴት ነበረበት። «በማን ላይ ነው የታረቁት? እስቲ ንገሩኝ! ባሪያውን ማን ጠየቀው?»

እኛ ምን እናውቃለን፣ «ማንም!» ብለን እንጮሃለን።

ከዚያ ያመለጠውን ሰው የመያዝ ሕግ ይመጣል። አምልጦ ነፃው አገር የገባውን፣ ነፃው አገር ራሱ ይዞ ለጌታው ይመልስ ተባለ፤ ያስጠጋውም ይቀጣ ተባለ። ከዚያ ደግሞ አንዱ የምክር ቤት ሰው ሌላውን በተቀመጠበት በከዘራ ደብድቦ ይጥለዋል። እዚህ ጋ አንድ ልጅ ሁሌም «እዚያው ዱቡሻው ላይ?» ብሎ ይጠይቃል። ዱቡሻ በእኛ በጋሞ ሽማግሌ የሚመክርበት አደባባይ ነው፤ እንኳን ዱላ ማንሳት ድምፅ ከፍ ማድረግም ነውር ነው። «እዚያው ዱቡሻው ላይ!» ይላሉ። «እኛ ጋ ሁለት ወገን ሊጋደል ሲል ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ መሃል ይንበረከካል። ያንን ሣር ረግጦ የሚያልፍ የለም። እነሱ ሣር የሚይዝላቸው ሰው አጡ፣ ልጆቼ። አገሩ በደም ታጠበ።»

እኔ ደግሞ ጋሽ ዘለቀ እዚያ ቢኖሩ ኖሮ ሣሩን ይዘው ይንበረከኩ ነበር ብዬ አምን ነበር። ሞኝነቴ!

ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ እህቴን ታዱን ሊያገባ አማኑኤል ሽማግሌ ላከ። አማኑኤል ትውልዱ ደጋው ላይ፣ ካምባ አካባቢ ነው፤ ሲቀላ ውስጥ የብረት በርና መስኮት ይበይዳል፣ እሑድ እሑድ እኛው ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ይዘምራል። የጋሽ ዘለቀን የግቢ በር የሠራላቸው እሱ ነው። «እጁ ወርቅ ነው፣ አንደበቱ ማር» እያሉ ለሰው ሁሉ ያወሩለት ነበር። ታዱ ያን ሰሞን ምግብ መብላት ረስታ ነበር፤ እየዘፈነች ሳህን ታጥባለች፣ ያጠበችውን ደግማ ታጥባለች።

ሽማግሌዎቹ መጡ፣ «ዘመድ አማክረን እንመልሳለን» ተባሉ፤ ወጉ ነው። ከዚያ ጋሽ ዘለቀ የልጁን ዘር የሚያጣራ ሰው ወደ ደጋው ላኩ፤ ይሄም ወግ ነው። የተላከው ሰው ይዞ የመጣው ወሬ ግን ቤታችንን አጨለመው። የአማኑኤል ቅድመ አያት በልጅነታቸው ከገበያ የተገዙ ናቸው አለ። በደጋው እንዲህ ያለ ቤተሰብ እስከ ልጅ ልጁ የባሪያ ዘር ይባላል። አይጋቡትም፤ ሲሞትም ለብቻው ነው የሚቀበረው።

እማዬ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ታዱ አለቀሰች። እኔ ግን አልደነገጥኩም። ሽማግሌዎቹ መልስ ሊሰሙ የመጡ ዕለት ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጠን እጇን ያዝኩና «አይዞሽ፣ ጋሼ እኮ ናቸው» አልኳት። ከእሳቸው በላይ ይህን ነገር የሚያውቅ ማን አለና?

ጋሽ ዘለቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያው ድምፅ ነው፣ ወፈር ያለው፣ የማይቸኩለው።

«ልጁ ጨዋ ነው» አሉ። «እኛም ክፉ ሰዎች አይደለንም። ስለዚህ ሁሉንም የሚያስማማ መንገድ ፈልጌያለሁ። ደጋ ይውጣና በግ ይታረድለት፣ ከባርነት የሚነጻበት ሥርዓት ይፈጸምለት። ሠርጉ እዚሁ ከተማ ይሁን። ከዚያ በኋላ ግን እሱም ልጆቹም የአባቶቻችንን ግቢ አይረግጡም፤ ከእኛ ጋራ አይቀበሩም። እዚህ ከተማ ዘመድ፣ እዚያ ደጋ ባዳ። በዚህ እንታረቅ።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ መጋረጃውን ገልጬ መሃላቸው ቆሜያለሁ።

«ጋሼ፣ አማኑኤልን ማን ጠየቀው?»

ጋሽ ዘለቀ ምን እንዳልኩ በደንብ ገብቷቸዋል፤ ዓይናቸው ውስጥ አይቼዋለሁ። ቀና ብለው አዩኝና መልሰው ወለሉን አዩ።

«ያ ታሪክ ነው» አሉ። «የፈረንጅ ታሪክ። ይሄ የአጥንት ጉዳይ ነው። አንቺ ግቢ!»

በማግስቱ አማኑኤል እማዬ ዘንድ መጣ። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ ቆሞ፣ አልቀመጥም ብሎ። «እማማ፣ ምኔ ቆሽሾ ነው የምነጻው?» አላት። መልሱን ታዱ በእግሯ ሰጠችው፤ ተከትላው ሄደች። በወሩ ካምባ፣ እናቱ ቤት፣ ተጋቡ። እማዬ ጋቢዋን ለብሳ እኔን አስከትላ በጠዋቱ መኪና ሄደች፤ ሰው ምን ይላል አላለችም። ጋሽ ዘለቀ አልመጡም፣ ምርቃትም አልላኩም። በአባትነት የሚቀመጡበት ወንበር ባዶውን ዋለ፤ ታዱ ሠርጓ ላይ ደጋግማ ወደዚያ ወንበር ስታይ አይቻታለሁ።

ከዚያ በኋላ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ አላውቅም። ያን ጊዜ መብራት ሲጠፋ እኛው ግቢ ድንጋይ ላይ እቀመጥ ነበር። የኒሙ ጭስ አጥሩን አልፎ ይመጣል፣ ድምፃቸውም ተከትሎ ይመጣል። ጥጡ፣ መስመሩ፣ ከዘራው፣ አንድም ቃል አልቀነሱም። «ባሪያውን ማን ጠየቀው?» ይላሉ፣ ልጆቹም «ማንም!» ብለው ይጮሃሉ። ከሁሉ የቆጨኝ ይሄ ነው። ቢያፍሩና ተረቱን ቢተዉት ኖሮ፣ ወይም ቀድሞውኑ ምንም የማያውቁ ሰው ቢሆኑ ኖሮ፣ ይቅር ማለት ባልከበደኝ። እሳቸው ግን አውቀው ነው። ያኔ አንቱ እላቸው ነበር፤ ዛሬም አንቱ እላለሁ፤ አፌ አልለምድ ብሎ እንጂ ልቤ ከተወ ቆይቷል።

ታዱና አማኑኤል ሲቀላ ተመልሰው ከገቡ ዓመታት አለፉ። የብየዳ ቤቱ ዋናው መንገድ ዳር ነው። ጋሽ ዘለቀ በየጠዋቱ በዚያ ያልፋሉ፣ አሁን በምርኩዝ። ሊስትሮውንም ባለ ሱቋንም ሰላም ይላሉ። የታዱ ልጅ እሳቸው ማን እንደሆኑ አታውቅም፤ ሰው አክባሪ ሆና ስላደገች ግን ትምህርት ቤት ስትሄድ ባገኘቻቸው ቁጥር ጎንበስ ብላ «እንደምን አደሩ አባባ» ትላቸዋለች። መልሰውላት አያውቁም።

መብራት ሲጠፋ ልጅቷ እኔ ዘንድ ትመጣለች። ተረት ንገሪኝ ትላለች፤ እኔም ከዚያ ከአንዱ በቀር ደህና አድርጌ የማውቀው የለኝም። ስጀምር ድምፄ ወፈር ይላል፣ ዝግ ይላል፤ ከማን እንደወረስኩት ሳውቅ እናደዳለሁ፣ ግን እጨርሰዋለሁ። ባለፈው ስጨርስ ትንሽ አሰብ አደረገችና «ማን ነው የነገረሽ?» አለችኝ።

«አንድ አስተማሪ።»

«ጎበዝ ነበሩ?»

«በጣም» አልኳት።

«አሁን የት ናቸው? ሞተዋል?»

«አዎ» አልኳት፣ «ሞተዋል።»