ሽመላዋ ምን እያየች ነበር?

ልብስ ሰፊው ሱቁ ውስጥ ሲሆን ጨዋታ የሚወድ፣ ለሰው የሚመች ሰው ነው። ካሜራ ሲይዝ ግን አያድርስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ቆልፎ ከከተማው ዳር ወዳለው ግድብ ይወርድና ሣሩ ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ አንዲት ወፍ አንገቷን ቀና እስክታደርግ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። በዚያን ሰዓት ያናገረው ሰው ወዮለት። ካሜራውን ልጁ አዲስ ስትገዛ የተወችለት ቢሆንም እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቀው።

ሚስቱም አብራው ትወርዳለች። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት አዋላጅ ነርስ ነበረችና መጠበቅ ታውቅበታለች። ቦርሳውን የምትሸከመው፣ ትርፍ ባትሪውን የምታስታውሰው እሷ ናት። ወፎቹም ቢሆኑ የሚወዱት እሷን ነው። ቢጫ ሹራቧን ለብሳ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ውኃው ዳር ስትቆም ፈራ ተባ እያሉ ይጠጓታል። እሱ ብቅ ሲል ብር ብለው ይጠፋሉ።

"መቀስህን ይዘህ የመጣህ እየመሰላቸው ነው" ትለዋለች።

ታዲያ ወፎቹ ከእሷ አይርቁ፣ እሱ የሚያነሳው ወፎቹን፤ በየፎቶው ጥግ አንዲት ቢጫ ነገር ብቅ ትላለች። ጣጣውን ያመጣችው እንግዲህ ይቺ ቢጫ ነገር ናት።

ልብስ ሰፊው በስልክ የሚገናኙ የፎቶ ወዳጆች ቡድን ውስጥ አለ። ሃያ ሦስት ናቸው፤ ፀጉር አስተካካይ አለ፣ የባንክ ጥበቃ አለ፣ ሁለት አስተማሪዎች አሉ። ሰብሳቢው ፋርማሲስት ሲሆን ሕግ ማውጣት ነፍሱ ነው። ሕግ ቁጥር አንድ፦ የወፍና የዱር እንስሳ ፎቶ ላይ ሰው አይታይም። ኤዲት ማድረግን ደግሞ በቡድኑ ቋንቋ "ማጽዳት" ይሉታል። አንዱ ፎቶ ሲለጥፍ ሌላው "ግሩም ነው፣ ትንሽ ብቻ ይጽዳ" ይላል። የስልክ ሽቦ፣ ፕላስቲክ፣ የሰው ጥላ፣ ሁሉም ይጸዳል።

ይህን ጽዳት ልጁ አንድ እሑድ ከሰዓት ኮምፒውተር ላይ አስቀምጣ አስተማረችው። ነገሩ ጨርቅ መጣፍ ሆኖ አገኘው። ከጎን ካለው ውኃ ቆንጠር አድርጎ በማይፈለገው ነገር ላይ መደረብ፣ ከዚያ ጠርዙን ማስማማት። አርባ ዓመት የሰው ጉልበት ሲጥፍ ለኖረ ሰው ይህ ምን ያቅተዋል? እራፊው የማይታወቅለት ባለሙያ ተብሎ በቡድኑ ውስጥ ስሙ ገነነ። በስምንት ወር ውስጥም፣ ክፉ ሐሳብ ውል ሳይልበት፣ ሚስቱን ከአርባ ፎቶ ላይ አጠፋት።

አንድ ማክሰኞ ሰብሳቢው ደወለ። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ኮሪደር ላይ ለሚሰቀሉት አሥራ ሁለት ፎቶዎች የእሱ ሽመላ ተመርጣለች። ልብስ ሰፊው ክንፍ አውጥቶ ሊበር ምንም አልቀረው። በዕድሜው ሙሉ የሠራው ሥራ ሰው ለብሶት ሄደ እንጂ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የታየለት ነገር የለም። ምሳ ሰዓት ላይ እየሮጠ ቤቱ ገባና ኮምፒውተሩን ከፈተ።

"መነጽርሽን አድርጊና ነይ እስቲ!"

ሚስቱ አየች። ግራጫዋ ሽመላ በአንድ እግሯ ቆማ፣ አንገቷን ዘወር አድርጋለች። ውኃው ጸጥ ብሏል። ሚስቱ ፈገግ አለችና ጣቷን ባዶው ውኃ ላይ አሳረፈች።

"እኔ እኮ እዚህ ጋ ነበርኩ። ድንጋዩ ላይ። ስንት ሰዓት ተያየን!"

"አዎ፣ ኋላ አጸዳሁት" አላት በኩራት።

"ምኑን ነው ያጸዳኸው?"

"ያው... ፎቶውን ነዋ።"

"ቆሻሻው እኔ ነበርኩ በለኛ።"

አልጮኸችም። መነጽሯን አጥፋ ማኅደሩ ውስጥ ከተተችና ምሳውን ልታቀርብ ሄደች። ልብስ ሰፊው "ማጽዳት" ሲል የኖረው ቃል ከእሷ አፍ ሲወጣ ሌላ ነገር ሆኖ ሰማው።

በቅዳሜው "ጉልበቴን አሞኛል" አለች። ይህ ጉልበት ዐርብ ዕለት ጎረቤት ልትጠይቅ አራት ፎቅ ሲወጣ ደህና ነበር። ልብስ ሰፊው ግን ይህን የሚናገርበት አፍ አልነበረውም። ብቻውን ወርዶ ሁለት ሰዓት ሣር ላይ ተኛ፤ አንድም ወፍ አልቀረበችው። ቢቀርቡትም ዋጋ አልነበረውም፤ ባትሪው አልቆበታል፣ ትርፉ ቤት ቀርቷል። የሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። ሲመለስ "እንዴት ዋልክ?" ትለዋለች፣ ምሳውን ታሞቅለታለች፣ ወጉ ግን እዚያው ላይ ያልቃል። ዳግመኛ አብራው ላትወርድ ነው ብሎ ይሰጋ ጀመር።

ፎቶዎቹ ሊሰቀሉ ሦስት ቀን ሲቀር ሰብሳቢው አሥራ ሁለቱንም ቡድኑ ውስጥ ለጠፋቸው። ምስጋናው ጎረፈ። ከዚያ ማጉያ ጻፈ። ማጉያ የሚሉት ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነው፤ ፎቶን ሳያጎላ አይቶ አያውቅም።

"ሽመላዋ ቆንጆ ናት። ግን ምን እያየች ነው? አንገቷን እንደዚህ ያዞረችው ለባዶ ውኃ ነው?"

"ዓሣ ይሆናላ!" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "እጮኛዋ ቀርቶባት ይሆናል" አለች አንዷ አስተማሪ። ሳቁ ቀለጠ።

ልብስ ሰፊው የተሰበረ ዚፕ በእጁ እንደያዘ ፎቶዋን ከፈተ። መቶ ጊዜ አይቷታል። ወፊቱ የምታየው ዓሣ አይደለም፤ ዓይኗን ከፍ አድርጋ፣ ሳትፈራ፣ አንድ ሰው ነው የምታየው። ያ ሰው ባለበት የሱ እራፊ ተደርቦበታል። ያ ሁሉ የኮራበት እራፊ ያን ዕለት ወለል ብሎ ታየው።

"ዓሣ ነው" ብሎ ቢጽፍ ነገሩ ያልቃል፣ ሽመላዋም ሐሙስ ትሰቀላለች። ልብስ ሰፊ ግን ቁርጥራጭ አይጥልም። ያልተነካው ፎቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር። ዚፑን አስቀምጦ ቤቱ ሄደና ቡድኑ ውስጥ ለጠፈው፤ ሥሩም ጻፈ፦ "ሚስቴን ነው የምታየው። ያጠፋኋት እኔ ነኝ። ከተሰቀለም ይሄኛው ይሰቀል።"

ሰብሳቢው ወዲያው ደወለ።

"ጋሼ፣ ምናለ ዝም ቢሉ? ሕጉን እንደሆነ ያውቁታል..."

"አውቀዋለሁ ወንድሜ። አውርዷት።"

ስልኩን ሲዘጋ አልዋሽም፣ አንጀቱ ተቃጠለ። ያቺ ግድግዳ አምራው ነበር። ቢሆንም ከሱቁ አጠገብ ካለው ፎቶ ቤት ያልተነካውን አሳተመና፣ የደንበኛ ኮት በሚጠቀለልበት ወረቀት ጠቅልሎ ሚስቱ ፊት ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ይቅርታ ሊላት በመንገድ ሲለማመድ የመጣው ሁሉ ጠፋበት።

"ከኤግዚቢሽኑ ወጥቷል" አለ ብቻ። "እንዳለ ይሁን ብዬ ነው።"

ሚስቱ መነጽሯን አደረገች። ፎቶውን ይዛ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። ሽመላዋና እሷ እንደተፋጠጡ ናቸው፤ ቢጫ ሹራቧን ለብሳ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ። ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

"ክርኔ ላይ ተቀዷል እንዴ?" አለች በመጨረሻ።

ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብሎ አየ። እውነት ነው፤ የጎመን ዘር የምታክል ቀዳዳ አይደለችም፣ አውራ ጣት ታሳልፋለች።

"ልብስ ሰፊ አግብቼ፣ በተቀደደ ሹራብ ግድብ ለግድብ ስዞር ዝም አልከኝ?"

"አላየሁትማ" አለ። "አርባ ጊዜ እያጎላሁ ሳጠፋሽ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁሽም።"

ሚስቱ ሹራቧን ከወንበሩ መደገፊያ ላይ አንስታ ጭኑ ላይ አኖረችለት።

"ቅዳሜ ሳይደርስ ስፋልኝ።"

ልብስ ሰፊው ሹራቡን በሁለት እጁ ያዘው። ክርኑን ገለበጠ፣ በጣቱ ዳሰሰው።

"እንዳይታወቅ አድርጌ ልጣፈው?"

"የለም" አለችው። "እንዲታወቅ አድርገህ።"