የዶክትሬት ፈተና በተርሂል

የተያዝነው በዐረብ አገር፣ ፉጣ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ ወንድማችን ማደሪያ ወለል ላይ ተቀምጠን አቤቱታ ስናጽፍ ነው። ጊዜው በፈረንጆቹ 2013 ሊያልቅ ሲል፣ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሰው ከየመንገዱ የሚታፈስበት ወቅት ነበር። የምንለምነው ትንሽ ነገር ነው፤ የታሰሩትን የሚጎበኝ ሰው እንዲላክ፣ ሴቶቹም ለብቻቸው እንዲያዙ። ፖሊሶቹ ሲገቡ ወረቀቱን አላነበቡትም። ያለ ፈቃድ የተሰበሰበ ሰው ማየታቸው በቂ ነበር።

ዐረብኛውን እንዲያሳምርልን ብዬ የጠራሁት ወጣት አብሮን ተያዘ። በከተማው ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የዶክትሬት ተማሪ ነው። ኢቃማው የጸና፣ ከማንም ጋር ጠብ የሌለው ልጅ ነበር።

ተርሂል፣ ማለትም ሰው ወደ አገሩ እስኪባረር የሚቆይበት እስር ቤት፣ ስንደርስ መጀመሪያ ያየሁት በበሩ ሥር የተከመረ ነጠላ ጫማ ነው። ቀጥሎ ያየሁት ጉልበት። ሰው ሁሉ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል፤ እግር መዘርጊያ ቦታ የለም። ክፍሉ በረኪናና የትናንት ሩዝ ይሸታል። ጥጉ ላይ ያለው ኤሲ እያጓራ ውኃ ያንጠባጥባል። እኔ ኤሲ ጠጋኝ ነኝ። ማጣሪያው ከተገጠመ ጀምሮ እንዳልታጠበ ከድምፁ ስለገባኝ፣ ከእስሩ ይልቅ እሱ አናደደኝ።

በዕድሜዬ ምክንያት ከኤሲው ፊት ለፊት ግድግዳ ሥር ቦታ ለቀቁልኝ። ጎኔ የተቀመጠው የወሎ ልጅ፣ ሺፋ ሰፈር ውስጥ ሕንፃ የሚለስን፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር። ተማሪው ከእኔ ማዶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ፉልና ዳቦ በልተን እንደጨረስን፣ አንድ መኮንን መጥቶ ነገ አሻራ እንደሚወሰድ ተናገረ። አሻራውን የሰጠ ሰው ጉዳዩ ተዘግቶ ወደ አገሩ ይበራል፤ ዳግመኛ ግን እዚህ አገር አይገባም። ያልሰጠ መርማሪ እስኪያየው ይጠብቃል፤ እስከ መቼ እንደሆነ አይታወቅም። ለአብዛኞቻችን ይህ የምሥራች ነበር። እኔም ከከፊሌ፣ ማለትም ከአሠሪዬ፣ ጋር ነገሬን ጨርሼ ስለነበር ልሰጥ ወስኛለሁ።

«እኔም እሰጣለሁ» አለ ተማሪው።

«አንተ ለምን?»

«ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ያውቃሉ ጋሼ? ፈታኞች ፊት ቀርቤ ጥናቴን የምከላከልበት ቀን ነው። አሁን ፕሮፌሰሮቹ ባዶ ቦታዬን እያዩ ይሆናል። ኸላስ። አገሬ ገብቼ ሌላ ነገር እሠራለሁ።»

«አስተማሪህ አይፈልግህም?»

«ይፈልገኝ ይሆናል። እስኪያገኘኝ ማን ይጠብቃል?»

አሻራውን ከሰጠ የዓመታት ልፋቱ እዚያው እንደሚቀር እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ማባበል አልችልም፤ ልጆቼንም ያሳደግኩት ያለ ማባበል ነው። ከአራተኛ ክፍል በላይ ያስተማረኝ የለም። ጥገናን ከዕቃው ጋር ከሚመጣ መመሪያ፣ ዐረብኛን ከቀጣሪዎቼ ቁጣ ተማርኩ። የተጀመረ ትምህርት ሲጣል ማየት ያመኛል።

«ፈተናህ ዛሬ ከሆነ ዛሬ ትፈተናለህ» አልኩት። «ተነሥ፣ ፊትህን ታጠብ።»

«ጋሼ፣ ፈታኝ ከየት ሊመጣ?» አለ ለሳኙ።

«አንተ ነህ።»

«እኔ? ወላሂ እኔ የማውቀው ልስን ብቻ ነው።»

«ልስን የሚያውቅ ጠማማ ግድግዳ ያውቃል። ጠማማ መልስ ስትሰማ ተናገር።»

አንዱ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ አውልቆ አዋሰው። ተማሪው መጀመሪያ ቀልድ መሰለው፤ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሲያየው ጊዜ ቆመ። ከዚያ ስለ ጥናቱ ይናገር ጀመር፤ የምንሰማው ግን የፈረንጅ ቃል ብቻ ነው።

«ወድቀሃል» አልኩት።

«ገና መጀመሬ እኮ ነው።»

«አንተ አማርኛ ስትጀምር እኛም መስማት እንጀምራለን።»

ሳቁበት። ፊቱ ቀላ። ደስ አለኝ፤ የሚናደድ ሰው ገና ተስፋ አልቆረጠም።

ትንሽ አሰበና፣ «ስትተኙ እግሩን የሚዘረጋ ማን አለ?» ብሎ ጠየቀ። ማንም እጁን አላወጣም። «ጥሩ። እኔ የማጠናው መድኃኒት የሚሠራባቸውን ሞለኪውሎች ነው። እንደ እኛ ናቸው፤ ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ። የሚተጣጠፉበት መንገድ ተቆጥሮ አያልቅም፤ ከሁሉ የሚያሳርፋቸው ግን አንድ ነው። ያንን በኮምፒውተር አስልቼ እፈልጋለሁ። አሁን እናንተ ሞለኪውል ናችሁ። አንዱ ራሱን ወዲህ፣ ጎረቤቱ ራሱን ወዲያ አድርጎ ቢተኛ ብዙ ሰው ይይዛል።»

«አስተግፊሩላህ» አለ ለሳኙ። «እግሬን በጋሼ ፊት ልዘርጋ? እናቴ ብትሰማ ተርሂል ድረስ መጥታ ትገርፈኛለች።»

ሌሎቹም ክርስቲያን እስላም ሳይሉ እምቢ አሉ። ተማሪው ከተያዝን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

«ይሄን እኛ ገደብ እንለዋለን። ሞለኪውሉም ገደብ አለው፤ በዚህ በኩል አልታጠፍም፣ ከዚያኛው ጋር አልጠጋም ይላል። እምቢታውን ሁሉ መጀመሪያ እጽፋለሁ። የእናትህንም አለንጋ ጽፌዋለሁ።»

ቀጥሎ ዋናውን ነገር ነገረን። «አሁን ያለነው ጉድጓድ ውስጥ ነው። አንድ ሰው ብቻ ከቦታው ቢነቃነቅ የባሰ ይጠበናል። ስለዚህ ማንም አይነቃነቅም። ኮምፒውተሩም እንደዚሁ ነው፤ መጀመሪያ ያገኘው ጉድጓድ ውስጥ ይገባና ደረስኩ ይላል። ከጎኑ የተሻለ ቦታ እንዳለ አያይም። የእኔ ዘዴ ለጊዜው የባሰውን እንዲቀበል እየፈቀዱለት ከዚያ ማውጣት ነው።»

«የባሰውን መቀበል ምን ትምህርት አለው?» አልኩት።

«ሁላችሁም ተነሡና ላሳያችሁ።»

ማንም አልተነሣም። ግድግዳ የያዙት እኔን አዩ። ያቺ ቦታ ምቹ ነበረች፤ ብለቃት ማን እንደሚይዛት አላውቅም። ቢሆንም ፈታኝ ሆኖ ጥያቄውን የሚፈራ የለም፤ ተነሣሁ። ከዚያ ሁሉም ተነሣ።

ለተወሰነ ጊዜ በእርግጥ ባሰ። ተረጋገጥን፣ ነጠላ ጫማ ጠፋ፣ ለሳኙ በአንድ እግሩ ቆሞ «ዶክተር፣ ሌላዋን የት ላሳርፋት?» ይላል። ተማሪው ግን ቀጠለ። ጓዙን ሁሉ የመስኮቱ ብረት ላይ አሰቀለ። ሽማግሌዎቹን ራሳቸውን በአንዱ ግድግዳ በኩል፣ ወጣቶቹን በማዶው ግድግዳ በኩል አስተኛ፤ እግር ከእግር እንዲገናኝ። በረጅሙ ትይዩ አጭሩን አደረገ። ያላ፣ ተኙ አለን።

ተኛን። ጉልበቴ ሲዘረጋ ተንቋቋ።

የበሩ መስኮት ተከፈተና ጠባቂው አየን። በቀትር፣ ያ ሁሉ ሰው ቀጥ ብሎ ተጋድሟል። የሞትን ሳይመስለው አልቀረም።

«ምን ሆናችሁ?» አለ በዐረብኛ።

«ፈተና ላይ ነን» አለ ለሳኙ ሳይነሣ።

«የምን ፈተና?»

«የዶክትሬት።»

ጠባቂው ትንሽ አሰበ። «አላህ ያሳልፋችሁ» አለና ዘጋው።

ተማሪው በሩ አጠገብ ያሉትን ሁለት ሰዎች አሳየኝ። አሁንም ተቀምጠው ነበር። «እነሱን አልቻልኩም» አለ።

«ከዚህ የተሻለ አተኛኘት እንደሌለስ በምን ታውቃለህ?»

«አላውቅም ጋሼ» አለ። «ፈልጌ ፈልጌ የሚሻል አጣሁ ማለት ነው የምችለው። መጨረሻው ይኸው ነው ብዬ ብምል ዋሸሁ።»

«እንግዲያው ነገ አሻራ የምትሰጠው ፈልገህ አጥተህ ነው? ወይስ ጉድጓድ ውስጥ ገብተህ ደረስኩ እያልክ?»

«ጋሼ፣ ይሄ ከጥናቱ ውጪ ነው» አለ ለሳኙ።

«ፈታኝ የፈለገውን ይጠይቃል።»

መልሱን ሳልጠብቅ ተነሥቼ ቆምኩ። በእኛ ደንብ የሚነሣው ታናሽ ለታላቅ ነው፤ ለልጅ ተነሥቼ አላውቅም ነበር። «አልፈሃል» አልኩት። «እርማት ግን አለብህ። ሁለቱን ሰዎች አስተኛቸው።»

እስከ እራት ድረስ ወለሉን በጣቱ እየለካ ዋለ።

በማግስቱ ጠዋት መኮንኑ ቀለሙን ይዞ መጣ። ተሰለፍን። ተማሪው የተዋሰውን ሸሚዝ እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሁለት እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ተቀመጠ።

«ያላ፣ ጣትህን» አለው መኮንኑ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ አልሰጥም» አለ በዚያ በሚያምር ዐረብኛው። «ያልጨረስኩት ሥራ አለኝ። እጠብቃለሁ።»

መኮንኑ ትከሻውን ሰበቀና አለፈው። የሸሚዙ ባለቤት ሸሚዙን አልጠየቀም። አሻራችንን ሰጥተን ስንወጣ እያንዳንዳችን ዶክተር እያልን ጨበጥነው። የመጨረሻው ለሳኙ ነበር፤ ባዶውን ወለል አየና፣ «በል ዶክተር፣ እንግዲህ እንደ ልብህ ተዘርጋ» አለው። ተማሪው ሊስቅ ሞከረ።

ዛሬ አገሬ ላይ ማቀዝቀዣ እጠግናለሁ። እጅግ ዘግይቶ ስልክ ደወለልኝ። አስተማሪው አግኝቶ እስኪያስፈታው የብርዱን ወራት በሙሉ እዚያው አሳልፏል። ያቺ ጥያቄዬ ያስከፈለችው ይህን ነው፤ ይህን ሳልናገር ልጆቼን ብመክር ግማሹን ደበቅኳቸው ማለት ነው። በመጨረሻ እውነተኞቹ ፕሮፌሰሮች ፈትነው አሳለፉት።

«ብቻህን ከበደህ?» አልኩት።

«ብቻዬን የቆየሁት እስከ ከሰዓት ነው ጋሼ። ሌሎች ሰዎች አመጡ፤ ክፍሉ እንደ ድሮው ሞላ። ጓዛቸውን መስኮቱ ላይ አሰቀልኩና አተኛኘቱን አሳየኋቸው። በሩ ሥር ተቀምጦ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እኔ ነኝ።»

ዩኒቨርሲቲው ዲግሪውን የሰጠው ከወራት በኋላ ነው። እኔ ብሆን በዚያ ከሰዓት እሰጠው ነበር።