ሁሉም እንዳ

ረዘነ ከስልክ ሥራው ጡረታ የወጣ ዕለት ሚስቱ ኣረጋሽ ባሌ ቤት ሊገባልኝ ነው ብላ ነበር። የት ይገባል፣ ጣራ ላይ ወጣ እንጂ። እንዳ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሥር ካለው ቤታቸው አናት ላይ ረጅም ዘንግ ተከለ፣ የሬዲዮ ፈቃዱን በመስታወት አድርጎ ግድግዳ ላይ ሰቀለ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬው ሁሉ በሬዲዮ ሆነ። ከኣረጋሽ ጋር የሚያወራው ጨው ሲጎድል ነው።

ልጁ ሳሊና ባዘዘውን ስታገባ ደግሞ ባሰበት። ባዘዘው ከደብረ ታቦር የመጣ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነው፤ ሥራው የሩባ፣ የበጋ ደረቅ ወንዝ ማለት ነው፣ ውሃ መለካት። የሚዞርበት አገር ስልክ አይሠራም። ትግርኛውም ገና ነው፣ ስለዚህ አማትና አማች በአማርኛ ነው የሚግባቡት፣ እሱም መግባባት ከተባለ። ባዘዘው ለሁሉም ነገር መልሱ "እሺ ኣቦይ"፣ እሺ አባቴ፣ ነው። ኣረጋሽ ይህን ጨዋነት ትለዋለች። ጎረቤት ግን ፍርሃት ነው ይላል።

ሌላው ለሠርግ ወይፈን ሲሰጥ ረዘነ የመኪና መነጋገሪያ ሬዲዮ ሰጠ፣ በገዛ እጁም ገጠመለት። ሬዲዮ ዝም ብሎ አያወራም፤ የሞገዱ ቁጥር ቀድሞ ሆዱ ውስጥ መቀመጥ አለበት፣ ቻናል የሚሉት እሱን ነው። ከአንዱ ጋራ ጀርባ ሲኮን አንዱ ይሰማል፣ ወዲያ ማዶ ሲኮን ሌላው። ረዘነ ሦስት ቀን ላፕቶፕ ላይ ተደፍቶ አራት ቻናል አሰናዳ፣ ለእያንዳንዱም በየአቅጣጫው ያለውን ቤተ ክርስቲያን ስም አወጣለት፦ እንዳ ገብርኤል፣ እንዳ ጊዮርጊስ፣ እንዳ ማርያም፣ እንዳ ኢየሱስ። እንዳ ማለት እንግዲህ የእገሌ ቤት እንደማለት ነው። በገመድ ወደ ሬዲዮው አወረደው። ላፕቶፑ ላይ ሲያዩት እንደ ሠርግ መጥሪያ ያምር ነበር።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ከሰዓት ረዘነ ጣራው ላይ ሆኖ ቢያይ፣ የላይኛው አገር ሰማይ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ባዘዘው ታች ነው፣ ታች ደግሞ ፀሐይ ነው። ሩባ እንዲህ ነው፤ ከላይ ይዘንባል፣ ታች ያለው አያውቅም፣ ደረቁ አሸዋ ላይ ውሃው ባንድ ጊዜ ይመጣል፣ ሰውም መኪናም አይመርጥም።

መሰላሉን እንዴት እንደወረደ አያውቀውም። መነጋገሪያውን አነሳና በእንዳ ገብርኤል ጠራው። የባዘዘው ድምፅ እየተቆራረጠ መጣ፤ ሥራውን ጨርሷል፣ አሁን ሩባው አፍ ላይ ነው፣ ወደ ቤት ሊመለስ ነው።

"አትሻገር" አለ ረዘነ።

"እሺ ኣቦይ፣ እሻገራለሁ።"

ለሰው ሁሉ ሲያስተምር የኖረው ረዘነ ራሱ ነው፤ ቁልፉን ተጫን፣ ትንፋሽ ያህል ጠብቅ፣ ከዚያ ተናገር፣ አለዚያ ሬዲዮው የመጀመሪያዎቹን ፊደሎች ይውጣቸዋል። ደንግጦ ተጭኖ ሳይጨርስ ተናገረ። "አት" እዚሁ ቤት ቀረች፣ "ሻገር" ብቻ ሄደች።

ደግሞ ተናገረ፣ ጩኸት ብቻ መለሰለት። ስለዚህ ቃሉ ዳግም እንዳይቆረጥ ድምፅ ጠርቶ ወደሚሄድበት ቻናል ሊያዞረው አሰበና ወደ እንዳ ጊዮርጊስ ቀይር አለው። "እሺ ኣቦይ" አለ ልጁ። ከዚያ በኋላ ጠፋ።

ረዘነ እንዳ ጊዮርጊስ ላይ ቢጠራ የለም። እንዳ ማርያም ሄደ፣ የለም። እንዳ ኢየሱስ፣ የለም። ቻናሉን ሲያዞር ሳሊና በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል።

"ባባ፣ እሱ የትኛው የትኛው እንደሆነ አያውቅም" አለች።

ረዘነ ዞሮ አያት። ስሙ ተጽፎለት የለ እንዴ አላት።

እሷም የተደበቀውን አወጣችው። የመኪናው ሬዲዮ መስኮት ጠባብ ነው፣ የሚይዘው አራት የፈረንጅ ፊደል ብቻ ነው። የቀረውን ቆርጦታል። ባዘዘው ሲከፍተው አንዱም እንዳ ይላል፣ ሁለተኛውም እንዳ፣ ሁሉም እንዳ። ማዶ በሄደ ቁጥር ቻናሉን እያዞረ በግምት ነው የሚሠራው።

"ለምን አልነገረኝም?"

"የአማቴን ስጦታ እንዴት ብዬ ላጣጥል አለ። ይኸው ስምንት ወሩ።"

ረዘነ ተመልሶ መፈለግ ጀመረ። አንዱን ሲነካ ሌላው እያለፈ፣ ያኛውን ሲይዝ ይሄኛው እየታየው። ሳሊና መጥታ እጁን ያዘችው። "ባባ፣ እሱም እኮ እየፈለገህ ነው። ሁለታችሁም ከዞራችሁ መቼም አትገናኙም። አንዱ ላይ ቁምለት።"

ቀላል ይመስላል። ልጅ ወደ ሞት እየነዳ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ግን አንጀት ይቆርጣል። ረዘነ እንዳ ጊዮርጊስ ላይ ተቀመጠ። ቁልፉን ተጫነ፣ ጠበቀ፣ "ባዘዘው፣ ቁም" አለ። ለቀቀ፣ አዳመጠ። "ባዘዘው፣ ቁም።" አትሻገር የምትለዋን ቃል ጨርሶ ተዋት፤ ራሷ ከተቆረጠ ገዳይ ናት። ቁም ግን ብትቆረጥም ሰው አትገድልም። ኣረጋሽ ከጓዳ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋለች። አስራ ሁለተኛው ጥሪ ላይ ይሁን አስራ ሦስተኛው፣

"ቆምኩ ኣቦይ። የፊት ጎማው አሸዋው ላይ ነው።"

"ወደ ኋላ። ሳትዞር፣ እንዳለህ ወደ ኋላ።"

"እሺ ኣቦይ" አለ፤ የዚያን ቀን እሺ ከወርቅ በለጠች። የሞተሩ ጩኸት ተሰማ። ቀጥሎ ሌላ ድምፅ፣ ድንጋይ ድንጋይን የሚፈጭ የሚመስል፣ በሬዲዮው ውስጥ ቤቱን ሞላው። ሳሊና ጆሮዋን ያዘች። ረዘነ ስሙን ሦስት ጊዜ ጠራ።

"አለሁ" አለ ባዘዘው፣ ድምፁ ቀጥኖ። "የቆምኩበት ቦታ አሁን ውሃ ነው።"

ረዘነ ወንበሩ ላይ ተዘረጋ። ትንሽ ቆይቶ መነጋገሪያውን አነሳ፣ በደንብ ተጫነ፣ በደንብ ጠበቀ።

"ወደይ፣ ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ የተበላሸ ነገር ካለ ንገረኝ። ሌላስ የደበቅከኝ አለ?"

ረዘነ ተቆረጠ ብሎ ሊነካካ ሲል የባዘዘው ድምፅ መጣ።

"እሑድ እሑድ እማማ የሚሠሩልኝ የገብስ ድብልብል፣ ጥሕሎው ኣቦይ፣ ሆዴን ይነፋዋል። ለእሳቸው ግን እንዳይነግሩብኝ።"

ረዘነ ቀስ ብሎ ዞረ። ኣረጋሽ ወገቧን ይዛ ከኋላው ቆማለች።