የቁሐሯ አልቃሽ ወረታ የመጣች ቀን

እናቴ በወረታ ቀበሌ አዳራሽ መድረክ ላይ ወጥታ በዘፈነች ቀን፣ ታላቅ ወንድሜ መሞቱን ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያልሰማነው እሷና እኔ ብቻ ነበርን። ይህን ከወዲሁ መናገሬ ነገሩን እንቆቅልሽ ላደርገው ስለማልፈልግ ነው። አገር ያወቀውን ሞት ከባለቤቱ መደበቅ እኛ ዘንድ ደግነት ነው። መርዶ በጊዜው፣ በወጉ፣ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገረው፤ ያውም ማለዳ። ወጉ ከነምክንያቱ ይገባኛል። ያን ቀን ግን ጠላሁት፤ እስከ ዛሬም አልታረቅሁትም።

እናቴ ዘፋኝ አልነበረችም፤ አልቃሽ ነበረች። ከወረታ እስከ ሐሙሲት ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ሰው ሲሞት ሙሾ የምታወርደው እሷ ነበረች። ወደ ሐይቁ በኩል፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ደግሞ የቁሐር ሚካኤሏ አልቃሽ ድርሻ ነበር። ሁለቱ አይቀያየሙም፣ አይዋደዱምም፤ አንዷ በሌላዋ ድንበር አትገባም፣ በቃ። የሚገናኙት በአንድ ምክንያት ብቻ ነው። አልቃሽ የራሷ ሰው ሲሞትባት ሙሾ ማውረድ አይሆንላትም፤ ሌላዋ መጥታ ታለቅስላታለች። አያቴ የሞተች ጊዜ የቁሐሯ ውሃውን በታንኳ ተሻግራ፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ረጥቦ መጥታ ስታለቅስ ትዝ ይለኛል።

የእናቴ አሠራር እንዲህ ነው። ሽማግሌዎቹ መርዶ ሊነግሩ ሲሰናዱ ከዋዜማው ይልኩባታል። እሷም ሟቹን በደንብ ወደሚያውቅ ሰው ቤት ሄዳ ትጠይቃለች፤ ሲሄድ እንዴት ነበር? በሬውን ምን ብሎ ይጠራው ነበር? ሲቆጣ ምን ያደርግ ነበር? የነገሯትን ይዛ አድራ ጧት ለቅሶው ላይ ሟቹ ቆሞ የሚሄድ እስኪመስል ታወርደዋለች። «ያላወቁትን ማልቀስ ጉሮሮ መጥረግ ነው» ትል ነበር። በወረዳው ማን እንደሞተ ከቤተሰቡ በፊት የምታውቀው ሁልጊዜ እሷ ነበረች። ገበያ ውስጥ ከአንዲት ሴት ጋር ስትሳሳቅ ውላ፣ የዚያችን ሴት ባል ሙሾ በሆዷ ይዛ ቤት የገባችበት ቀን አለ። እንዴት አስቻለሽ ስላት «ሥራ ነው» አለችኝ።

ወንድሜን ብሔራዊ ውትድርና ወሰደው። ወደ ሰሜን ከሄደ በኋላ አንድ ጊዜ ሰላምታ ደረሰን፤ ከዚያ ዝም አለ። እናቴ የላሟን ወተት በቅል እያረጋች እርጎውን ታስቀምጥለት ጀመር። ወንድሜ እርጎ ቆሞ ነው የሚጠጣው፤ ገና ከበሩ እንደገባ፣ ሳይቀመጥ። ጠብቃ ጠብቃ ሲቆመጥጥ ለጎረቤት ልጆች ትሰጠውና እንደገና ታረጋለች። የማደርገው ከንቱ ነው ብላ አታውቅም፣ እኔም አልነገርኳትም።

በዚያ ዘመን ቀበሌው ሁሉ የኪነት ቡድን ነበረው። የኛው ቡድን ከበሮ አለው፣ መሲንቆ አለው፣ እስክስታ የሚወርዱ ጎረምሶች አሉት፤ የጎደለው ድምፅ ነበር። ሩዝ በሚታጨድበት ወር ከጎንደር እንግዶች ሊመጡ፣ የየከተማው ቡድን ሊወዳደር ነው ተባለ። ሊቀመንበሩ ቤታችን ድረስ መጣ። ወጣት ነው፣ እናቴን ያከብራታል።

«እናታችን፣ ድምፅዎ ያስፈልገናል» አላት።

«የኔ ድምፅ የሙት ነው ልጄ። ለሕያው ምን ይረባዋል?»

«ከእንግዶቹ ጋር አንድ መኮንን ይመጣሉ። የልጅዎን ጦር ያውቁታል። ይዘፍኑልንና እኔው ራሴ አገናኝዎታለሁ። ስለ ልጅዎ ይጠይቋቸዋል።»

እናቴ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ነጠላዋን አነሳችና «መቼ ነው ልምምዱ?» አለች።

እኔም በተቀባይነት ገባሁ፤ አጨብጭቤ መቀበል ነው ሥራዬ። ከተማው ሳቀብን። «አልቃሿ ልትዘፍን ነው፤ ሙሽራው ማን ይሆን?» ይሉናል ወፍጮ ቤት ወረፋ ስንይዝ። እናቴ የነብር ጭራ አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም ብላ ገፋችበት። ቡድኑን የሚያሠለጥነው መምህር ስለ ጀግና ወታደር ግጥም ሰጣት። አነበብኩላት። ሰማችና አንገቷን ነቀነቀች።

«ይህ ማን ነው? ቁመቱ የት አለ? የሁሉን ልጅ አላውቅም፤ ማውቀው የራሴን ነው» አለችው።

የራሷን ሠራች። ዜማው ለቅሶ ይሸታል ብለው ሦስት አራት ጊዜ አስለወጧት፤ መሲንቆ መቺው ፈጠን እያደረገ ጎተታት፣ በመጨረሻ ዘፈን መሰለ። ግጥሙን ግን አላስነካችም። ወንድሜ ረጅም ነበር፤ በራችን ግንባሩን ስለሚመታው ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ከዚያ ተነስታ ይህን አለች፦

በሩ ያጥርበታል ሲገባ ጎንብሶ፣
እርጎው ይጠብቀው ይመጣል ተመልሶ።

ርብ ሲሞላበት ዋኝቶ ሚሻገር፣
ምኑ ይጠፋዋል የመመለሻው በር።

ይህን ስትለማመድ ደስ ይላት ነበር። ከልቤ ነው የምለው፤ ደስ ይላት ነበር። ስለ ሰው አንድ በአንድ የምታወሳው ሁልጊዜ ሰውየው ከሞተ በኋላ ነበር። ለሕያው ስትገጥም ያ የመጀመሪያዋ ነው።

ከትርኢቱ ዋዜማ፣ ከወንድሜ ጋር የዘመተ የሐሙሲት ልጅ እግሩ ቆስሎ ተመለሰ። ወንድሜ ከጎኑ ሲወድቅ አይቷል። ቤታችን መምጣት አልቻለም፤ ለንስሐ አባታችን ነገራቸው፣ እሳቸው ለሽማግሌዎች፣ ሽማግሌዎች ለሊቀመንበሩ። ምን እንደተባባሉ የሰማሁት ኋላ ነው። ከመድረክ ብናስቀራት ትጠረጥራለች፣ መርዶ በምሽት አይነገርም፣ ነገ ይዝፈኑልን ብሎ ሊቀመንበሩም ለመነ። ዘፍና ትግባና በማግስቱ ማለዳ እንነግራታለን ብለው ተስማሙ። ወደ ቁሐርም ላኩ። ሲነጋ ወሬው ከተማውን አዳርሶ ነበር፤ ሰውም ከቤት ብንቀር ይታወቅብናል ብሎ ትርኢቱ ላይ ሁሉም ለመገኘት ተማከረ።

ስለዚህ አዳራሹ ሞላ። ከዚያ በፊት ስንለማመድ የሚመጣው ልጅና ሥራ ፈት ነበር፤ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ሩዙን ሜዳ ላይ ጥሎ የመጣ ገበሬ ሳይቀር ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እናቴ በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቃ አየች።

«አየሽ፣ አገሩ ሁሉ መጣልኝ» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሳቀች። «አባም መጡ! ቄስ ኸዘፈን ቤት? ነገ ንስሐ የምሰጣቸው እኔ ነኝ።»

እኔም ሳቅሁ። ቄሱ የተቀመጡት ከበሩ አጠገብ ነው፣ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። በዘፈን አፍረው መሰለኝ።

ወጣን። መሲንቆው ጀመረ፣ ከበሮው ተከተለ። መኮንኑ ፊት ለፊት ከሊቀመንበሩ ጎን ተቀምጧል። እናቴ ለሱ ዘፈነችለት፤ ሌላውን ማን ቁም ነገር ብሎት። በሩ ያጥርበታል ስትል ተቀበልን። እርጎው ይጠብቀው ስትል ከኋላ አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቀስ በቀስ አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ፣ ያለ ድምፅ። ሰው እንዳይሰማ የሚያለቅሰው ለቅሶ ያስፈራል። እናቴ ግን ሰውን ማስለቀስ ልማዷ ነው፣ አልደነገጠችም። ዘፈኔ ገባቸው ብላ አንገቷን ቀና አደረገች።

የቁሐሯን አልቃሽ ያየቻት ያን ጊዜ ነው።

ቄሱ አጠገብ ተቀምጣለች። የገበያ ቀን አይደለም። እናቴ ያየችውን እኔም ዓይኗን ተከትዬ አየሁ፣ ግን አልገባኝም፤ ሴትዮዋ ምን አመጣት ብቻ ነው ያልኩት። እናቴ ያሰበችውን ኋላ ነግራኛለች። መጀመሪያ ተናደደች፤ በኔ አገር ማን ሞቶ ነው እኔን ትተው እሷን የጠሩት? ብላ። ከዚያ በአሳቧ ለቅሶ ሊኖርባቸው የሚችሉትን ቤቶች አንድ በአንድ ቆጠረች። እሷ የማትጠራበት ቤት አንድ ብቻ ሆነባት።

ድምፅዋ አልተሰበረም። ያንኑ ግጥም ደገመችው። ተቀበልን። እንደገና ደገመችው። ሁለተኛውን ግጥም መቀጠል ነበረባት፣ አልቀጠለችም። ይመጣል ተመልሶ፣ ይመጣል ተመልሶ። መሲንቆ መቺው ግራ ገብቶት አያት። ሊቀመንበሩ በእጁ ይብቃ የሚል ምልክት ሰጠ፤ አላየችም። እጃችን እስኪቃጠል አጨበጨብን። ለምን እንዳልተወችው ዛሬ አውቃለሁ፤ ዘፈኑ ካለቀ መውረድ አለ።

በመጨረሻ መሲንቆው ቆመ። እናቴ ከመድረኩ ወረደች። ያን ሁሉ ልምምድ የተለማመደችለትን መኮንን ሊቀመንበሩ ብድግ አድርጎ ሊያስተዋውቃት ሲል ከፊታቸው አለፈች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ከሴትዮዋ ፊት ቆመች።

«ኸቁሐር ለማን መጣሽ?» አለቻት።

ቄሱ ተነሱ። «ልጄ፣ ኸቤትሽ ግቢና ነገ…» ብለው ጀመሩ።

«አባ፣ እርሶን አልጠየቅሁም» አለች እናቴ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

የቁሐሯ ተነስታ ነጠላዋን አወለቀችና አዘቅዝቃ ለበሰችው፣ ለሐዘን እንደሚለበሰው። መልሱ ይኸው ነበር። እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ አልወደቀችም፣ ተቀመጠች። እኔ ከመድረክ ሆኜ ያን ጊዜ ገባኝ። ጮህኩ መሰለኝ፤ አላስታውሰውም።

ሴትዮዋ በማግስቱ ማለዳ ለመምጣት ነበር የተነገራት። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ምን ፈለገች ብለው ሽማግሌዎቹ ኋላ ወቀሷት። እሷ ግን የእናቴን ሥራ የምትሠራ ሴት ናት። ወንድሜን አይታው አታውቅም፤ የሚነግራት ቤተሰብ ደግሞ እኛው ነን፣ ልትጠይቀን አትችልም። እናቱ ስለ ልጇ ትዘፍናለች ሲሏት ልጁን ለማወቅ መጣች። ያላወቁትን ማልቀስ ለሷም ጉሮሮ መጥረግ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ፣ ቀይ መፈክር ከተጻፈበት ጨርቅ ሥር ለቅሶ ሆነ። ሊቀመንበሩ ለማስቆም እጁን አንስቶ መልሶ አወረደው። የቁሐሯ አልቃሽ ደረቷን ትመታ ጀመረች፤ ያወረደችው የእናቴን ግጥም ነው፣ ጫፉን ብቻ ለውጣ።

በሩ ያጥርበታል ሲገባ ጎንብሶ፣
እርጎው ሲጠብቀው መጣልሽ በለቅሶ።

ተቀባዮቹም ተቀበሉ። ስንት ሳምንት የተለማመድነው ነው፣ አፋችን ለመደው። እኔም ስለ ወንድሜ፣ እያጨበጨብኩ፣ ተቀበልኩ።

እናቴ ቀና ብላ ሴትዮዋን አየቻት። «አዋ» አለች፣ «ያጥርበት ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ሙሾም ዘፈንም ከአፏ አልወጣም። እንግዶቹ ሳይመሽ ሄዱ፤ ማን አንደኛ እንደወጣ አልጠየቅንም። እኛንም ሰው ደጋግፎ ቤት አደረሰን። እናቴ አጭር ናት፤ ያ በር ነክቷት አያውቅም። ያን ቀን ጎንበስ ብላ ገባች።