ከሰሉን አውጣልኝ

አክስቴ ከሰል የነደደበት ቤት ሲገቡ፣ ከሰላምታ በፊት በሩን ወለል አድርገው ይከፍቱ ነበር። “መጀመሪያ ማንደጃውን አውጡ፣ ከዚያ እንሳሳማለን” ይላሉ። ሰው ይስቅባቸዋል፤ እርሳቸው ግድ የላቸውም። አሁን ቢቸና ውስጥ እንዲህ የሚለን ሰው የለም።

ባለፈው ክረምት የአጎቴ ልጅ ለሕፃኑ ክርስትና ጠርቷቸው ሞጣ ሄዱ። ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ከሰዓት በኋላ “ብርድ እንዳይመታዎት” ብሎ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ከሚስቱ እህት ጋር አስተኛቸው። ፍም አስገባ፤ መስኮቱን በጨርቅ ወተፈ። የሆነውን የነገረችኝ እህትዬዋ ናት።

“ልጄ፣ ራሴን ፈለጠኝ፤ ያቅለሸልሸኛል። ከሰሉን አውጣልኝ” አሉት።

“እትዬ፣ ጭስ እኮ የለውም! የመንገድ ድካም ነው፣ ይተኙ” ብሎ በሩን ዘጋው።

ቆይቶ እህትዬዋንም ራሷን አዞራት፤ እየዳኸች ወጥታ ደጁ ላይ ወደቀች። ሰዎች ሲገቡ አክስቴ ትንፋሽ አልነበራቸውም።

አስከሬኑን ያየው ሐኪም “ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። ከሰል ባለበት ክፍል ሁለት ሰው አብሮ ራሱን ካመመው፣ ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት ነው” አለን።

ቢቸና ለቅሶው ላይ የአጎቴ ልጅ አቀፈኝ። “ምን ይደረግ፣ ቀናቸው ደርሶ ነው” አለኝ። እጁ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ሰውነቴ ተሸማቀቀ፤ ገፈተርኩት።

“ቀናቸው አልደረሰም። አውጣልኝ ብለውህ ነበር!”

ለቀስተኛው ሁሉ “ኧረ ነውር ነው!” ብሎ ጮኸ። የጮኸው በእኔ ላይ ነው። እርሱን “ለምን ዘጋህ?” ያለው አንድም ሰው የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእነዚያ ሰዎች ጋር ማዕድ መቅረብ ይቀፈኛል።