ከመሬት የተነሳው ጨርቅ

ባሌ ይህን ሳያውቅ ሞተ። ልጄም አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እጃችንን ዘርግተን ኃጢአታችንን ስንናዘዝ እኔ ሌላ ሌላውን እደረድርና ይህችን እዘላታለሁ። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቼ የንስሐ አባት አላቸው፤ እኔ ጴንጤ ነኝ፣ የለኝም። እናንተ የምታነቡት ሁኑልኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ጽሕፈቴም እንደ ትምህርቴ ነው። ግን በአፌ ልናገረው ስል አልወጣ አለኝ፣ እስቲ በእጄ ልሞክረው አልኩ።

ሥራዬ መኪና መወልወል ነበር። በከተማችን ታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ ውስጥ፣ አንድ ላቫጆ ነበረ፣ ዛሬ ቦታው ላይ ፎቅ ተሠርቶበታል። ከወንዶቹ መካከል ሴቶች እኔና አልታዬ ብቻ ነበርን። አልታዬ ታጥባለች፣ እኔ ሰም ቀብቼ አበራለሁ። ምሳችንን አንድ ሳህን ላይ ነበር የምንበላው። እኔ ልጄን ታሪኩን፣ እሷ ልጇን ትዕግስትን አዝለን የምንመጣበት ጊዜም ነበር፤ ልጆቹ ጎማ ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ።

ሥራው ከውጭ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። አይደለም። ከጨንቻ የሚወርድ መኪና ጭቃ፣ ከኮንሶ በኩል የሚመጣ ደግሞ አቧራና አሸዋ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። አንዲት የአሸዋ ፍሬ ቀለሙ ላይ ከቀረች፣ ሰም ስቀባ ከጨርቁ ሥር ትገባና ትቧጭረዋለች። ስለዚህ መሠረቱ አጣቢዋ ናት። አልታዬ አጥባ ስትጨርስ መዳፏን በእርጥቡ ላይ ታሳልፍና «ውሰጂው፣ የሕፃን ጉንጭ ሆኗል» ትለኛለች። መዳፏ ተሳስቶ አያውቅም። ከዚያ መኪናው ጥላ ሥር ይገፋል፤ ፀሐይ ላይ ሰም አይቀባም። ትንሽ ትንሽ ቦታ እየያዝኩ በክብ በክብ እቀባዋለሁ። እንደ ጉም ነጣ እስኪል እጠብቅና በንጹሕ ጨርቅ አነሳዋለሁ። ጎንበስ ብዬ ከጎን ሳየው ፊቴ ይታየኛል።

አንድ ሕግ ነበረን። ጨርቅ መሬት ከነካ አበቃለት፤ ለጎማ ይሆናል እንጂ ወደ ቀለም አይመለስም። አራገፍኩት ማለት አይሠራም። ይህን ለአዲስ ገቢ ሁሉ የምነግረው እኔ ነበርኩ። ለአልታዬም የነገርኳት እኔ ነኝ።

የዚያን ዕለት ከላይኛው ሰፈር፣ ከሴቻ፣ አንድ ጥቁር መኪና መጣ። ባለቤቱ ልጁን ሊድር ነው፤ ሙሽራዋ የምትወጣው በዚያ መኪና ነው። አበባውን የሚያስሩት ሰዎች በር ላይ ቆመው «ቶሎ በይ እንጂ እናት፣ ሙሽራዋ ልታረጅ ነው!» እያሉ ይቀልዱብኛል። የፊት ክዳኑ ላይ ደርሻለሁ። ጨርቁ ከእጄ አምልጦ ወደቀ። እኔ ዙሪያውን አየሁ። ማንም አላየኝም። እኔ አነሳሁት። ጭኔ ላይ መታ መታ አደረግሁትና ሥራዬን ቀጠልኩ።

ለምን? ንጹሕ ጨርቅ ከኋላ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር፤ ዞር ብሎ ማምጣት ነው። ማንም አልከለከለኝም። እኔ የማውቀውን ሕግ እኔ ጣስኩት፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሰነፍኩ። ይኸው ነው።

ጥላ ሥር ምንም አይታይም ነበር። መኪናው ፀሐይ ላይ ሲወጣ ክዳኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ዙሪያውን ታየ። ባለቤቱ ጮኸ።

«ይሄ ምንድን ነው? ልጄን በዚህ ነው የምድራት?»

የላቫጆው ጌታ ጋሽ ዘለቀ ጎንበስ ብለው አዩና ወዲያው ወደ አልታዬ ዞሩ። «አንቺ! አሸዋውን ሳታወርጂ ነው የሰጠሻት!»

«ጋሼ፣ በእግዜር አውርጃለሁ። እሷን ይጠይቋት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አልታዬም ዞረች። ፊቷ ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ እኔ እንደምናገርላት ታውቃለች።

እኔ «የተሰጠኝን ነው የወለወልኩት» አልኩ።

ይህን ቃል ስንት ጊዜ ገለባብጬ አየሁት! ውሸት ነው? አይደለም። የተሰጠኝን ነው የወለወልኩት። ግን ከዚህ የከፋ ውሸት ሰው ያውቃል? እኔ ስሟን አልጠራሁም። እኔ አልከሰስኳትም። እኔ ዝም ብዬ ሌላው እንዲከሳት በሩን ከፈትኩ። አልታዬ መዳፎቿን ገልብጣ አየቻቸው።

በዚያው ቀን ተባረረች። ሌላ ላቫጆ ሄዳ ብትጠይቅ ወሬው ቀድሟታል። የእኛ ላቫጆ ወንዶች ባዩዋት ቁጥር «አሸዋዬ መጣች! ሳትገባ አራግፏት!» እያሉ ሳቁባት። ሲስቁ ሰምቻለሁ፤ አንድ ጊዜ እኔም አብሬ ፈገግ ብያለሁ። እሱንም ልጻፈው። ከዚያ ልጇን አዝላ የባሏ ወገኖች ዘንድ ገጠር ላንቴ ወረደች፣ ሙዝ ማሳ ገባች። እኔ ወገቤ እስኪያቅተኝ ድረስ እዚያው ሠራሁ። ጥሩ እጅ አላት እየተባልኩ።

ዓመታት አለፉ። ታሪኩ ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ ያዘ፣ አንድ ቀን አንዲት ልጅ ይዞ መጣ። ቁጥብ፣ ጨዋ ልጅ ናት።

«የማን ልጅ ነሽ፣ የኔ ልጅ?» አልኳት።

«የአልታዬ። ላንቴ ነን። እናቴ ድሮ እዚህ ሲቀላ መኪና ታጥብ ነበር፤ ምናልባት ያውቋት ይሆናል።»

«አውቃታለሁ» አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም።

በእኛ በጋሞ ጎሜ የሚባል ነገር አለ። ሰው አጥፍቶ የደበቀው ነገር ዝም ብሎ አይቀርም፤ በልጁ፣ በከብቱ፣ በእርሻው ይወጣል ይባላል። የሚፈታው ጥፋተኛው በሰው ፊት አፉን ከፍቶ ሲናገር ነው። ፓስተራችን ይህ የድሮ ነው፣ ጌታን የተቀበለ ጎሜ አያገኘውም ይሉናል። እኔም አሜን እላለሁ። አሜን እያልኩ እፈራለሁ።

ሁለቱ ልጆች ከመጋባታቸው በፊት የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ትልቁ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዘው ጠየቁ፤ «በሁለታችሁ ቤት መካከል የተደበቀ ነገር አለ? ካለ ዛሬ ይውጣ፣ በልጆች ላይ አይደር።»

መጀመሪያ አልታዬን ጠየቋት። ሳቀች። «አባቴ፣ በእኔና በእሷ መካከል የነበረው ሳሙና ብቻ ነው፤ እሱም ታጥቦ ሄዷል» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ከዚያ እኔን ጠየቁኝ። እኔ «ምንም የለም» አልኩ።

እንግዲህ የመጀመሪያውን በስንፍና ነው ያደረግሁት እንበል። ሁለተኛውንስ? አስቤበት፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ የሽማግሌ ዓይን እያየሁ ነው የዋሸሁት። ሠርጉ ተደገሰ። እልልታው ላይ የእኔ ድምፅ ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

አሁን ትዕግስት እርጉዝ ናት፣ ወሯ እየገባ ነው። እግሯ አብጧል። ጤና ጣቢያ ደህና ነሽ ብለዋታል፤ እኔ ግን ጠዋት ማታ እግሯን አያለሁ። ውሃ ልትቀዳ ስትነሳ እቀድማታለሁ። ስታስነጥስ እደነግጣለሁ። «እማማ፣ ምነው እንዲህ ሆኑ? የሚወልዱት እርስዎ ነዎት እንዴ?» ብላ ትስቅብኛለች። ምን ልበላት? የፈራሁት ለእሷ ነው ወይስ ለራሴ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልጅቷ እግሯ ባያብጥ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ንስሐዬም ከፍርሃት የመጣ እንጂ ከልብ የመጣ አይደለም።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ባለፈው ሳምንት ነው። ዛሬ ላንቴ ሄጄ መጣሁ።

አልታዬ ማሳዋ ውስጥ የሙዝ ደረቅ ቅጠል ትቆርጥ ነበር። «የታሪኩ እናት! ልጄ ደህና አይደለችም እንዴ?» ብላ ማጭዷን ጣለች። ደህና ናት አልኳት። ከዚያ ቆሜ ነገርኳት። ጨርቁ ወደቀ፣ አነሳሁት፣ ወለወልኩበት፣ አንቺ ላይ ሲያላክኩ እውነቱን ደበቅሁ።

የቆረጠችውን ቅጠል በእግሯ ገፋ አደረገችው።

«አራገፍሽው?» አለች።

«አራገፍኩት።»

«አይራገፍም ያልሽኝ እኮ አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

ማጭዷን አንስታ አንድ ቅጠል ቆረጠች። ፊቷን ሳታዞር ተናገረች፤ «ያን መኪና በመዳፌ አይቼው ነበር። ንጹሕ ነበር። አንቺ የተሰጠኝን ነው ስትዪ ግን፣ እሷ አትዋሽብኝም፣ እጄ ነው የዋሸኝ አልኩ። ከዚያ ወዲህ በእጄ አላምንም። ትዕግስትን ሳሳድግ እንኳ አጥቤ ስጨርስ እንደገና ነበር የማጥባት። ደህና ታጥባለች አልልም ነበር።»

ሥራዋን ያሳጣኋት መስሎኝ ነበር የኖርኩት። ያሳጣኋት ሌላ ነገር ነው፣ አሁን ነው የሰማሁት።

«ይቅር በይኝ» ብዬ ልንበረከክ ስል ክንዴን ይዛ አቆመችኝ።

«እዚህ ሙዝ መሃል አይሆንም። የለም ያልሽው ሽማግሌ ፊት ነው፤ አለ የምትዪውም ሽማግሌ ፊት ነው። ልጆቹም ይስሙ።»

አውቶቡስ መንገድ ድረስ አልሸኘችኝም። ግን ለትዕግስት ብላ ሙዝ አሸከመችኝ፤ ልጄ ምን አጠፋች እያለች።

ቅዳሜ ዱቡሻው ላይ፣ ሸንጎ በሚቀመጥበት ሜዳ፣ እቆማለሁ። ልጄ ሌላ እናት ሊያይ ነው። ትዕግስት እማማ ማለቷን ትተወኝ ይሆናል። ድሃ ነበርኩ አልልም፣ አልታዬም ድሃ ነበረች። ልጅ ነበረኝ አልልም፣ እሷም አዝላ ነበር። አላወቅሁም አልልም፣ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

በእኛ አገር ሽማግሌ ሣር ይዞ ሲለምን እምቢ ማለት ከባድ ነው። ሰው ልቡ ሳይፈቅድ ይቅር ብያለሁ ይላል። ስለዚህ ስመለስ በትልቁ ሽማግሌ ቤት አለፍኩና አስቀድሜ ነገርኳቸው።

«አባቴ፣ ቅዳሜ ሁሉን እናገራለሁ። ግን እኔን ይቅር በያት ብላችሁ አትለምኗት። ከፈለገች ትበለኝ። ካልፈለገች ዝም በሏት።»